ድርቅ፣ 60 ፍየልና 40 ኤከር የኪራይ ግጦሽ፦ የኤፍኤስኤ ክፍያ ከየት ይጀመራል?

ፍየልና_ጤፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ቴክሳስ ገጠር ካውንቲ ውስጥ 60 ፍየል አለን፣ ግጦሹ 40 ኤከር የኪራይ መሬት ነው። በ2025 ዝናቡ ቀርቶ ካውንቲው በድርቅ ካርታው ላይ ዲ3 (ከሁሉ ከሚብሰው ዲ4 አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ድርቅ) ገብቷል። ዜናው «ካውንቲው የአደጋ አካባቢ ተብሎ ተሰየመ» ይላል፣ ሰዉ ደግሞ «የመንግሥት ገንዘብ መጣ» ይላል።

ስያሜው ከወጣ ገንዘቡ በራሱ ይመጣል ወይስ ማመልከት ያስፈልጋል? ኪራዩ በቃል ነው፣ ወረቀት የለውም። ኤፍኤስኤ (የፌዴራሉ የእርሻ አገልግሎት) ቢሮ ተመዝግበን አናውቅም። ድርቆሽ ከሩቅ እየገዛን ነው፣ ኩሬው ስለደረቀ ውሃም በታንክ እናመላልሳለን። ግማሽ ኤከር ላይ የዘራነው ጤፍና ጎመንም ደርቋል። ከእነዚህ የትኛው ይከፈላል፣ የትኛው አይከፈልም?

የወረቀት_ሰው

ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ተቀላቅሎብሃል፤ ብዙ ሰው ላይ ይቀላቀላል። ዜናው ላይ የሰማኸው የግብርና ሴክሬታሪው የሚያወጣው ስያሜ ነው። እሱ የሚከፍተው የአስቸኳይ ብድር በር ነው፣ ለካውንቲውም ለአዋሳኞቹም። ከወጣበት ቀን ጀምሮ እስከ 8 ወር ማመልከት ይቻላል። ግን ብድር ነው፣ ከነወለዱ ይመለሳል። የማይመለሰው ገንዘብ ኤልኤፍፒ የሚባለው የግጦሽ ክፍያ ነው፤ እሱ የማንንም አዋጅ አይጠብቅም። የሚያየው ድራውት ሞኒተር የተባለውን ሳምንታዊ ካርታ ነው። ካርታው የማክሰኞ ጠዋትን ሁኔታ ይዞ ሐሙስ ይወጣል።

የካውንቲው አንድ ጥግ እንኳ ደረጃው ላይ ከደረሰ ለመላው ካውንቲ ይቆጠራል፤ ብቻ በመደበኛው የግጦሽ ወቅት ውስጥ መሆን አለበት። ዲ2 አራት ተከታታይ ሳምንት ከቆየ የአንድ ወር ክፍያ አለ (ቀድሞ ስምንት ሳምንት ነበር፣ በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ነው ያወረደው)። ከስምንት ሳምንት ሰባቱን በዲ2 ካሳለፈ ሁለት ወር ይሆናል። ዲ3 አንድ ሳምንት እንኳ ከነካ ሦስት ወር። ዲ3 አራት ሳምንት ከሞላ፣ ባይከታተልም፣ ወይም ዲ4 ከነካ አራት ወር። ዲ4 አራት ሳምንት ከሞላ አምስት። እናንተ ዲ3 ስለገባችሁ ከሦስት ወር አታንሱም።

ግን በራሱ አይመጣም። ሲሲሲ-853 የሚባለውን ፎርም ማስገባት ያስፈልጋል፤ ማብቂያው የድርቁ ዓመት ባለቀ በማርች 1 ነው። ለ2025 ድርቅ ማርች 1 እሑድ ስለዋለ ሰኞ ማርች 2 ቀን 2026 ይሆናል። እስከዚያ ብዙ ጊዜ ያለ ይመስላል፣ የለም። ፎርሙ የመጨረሻው ወረቀት ነው። ከእሱ በፊት የሚሞሉት ናቸው ሰው የሚጥሉት።

የሚደወለው መሬቱ ያለበትን ካውንቲ ወደሚያስተዳድረው ኤፍኤስኤ ቢሮ ነው፤ ቤታችሁ ሌላ ካውንቲ ቢሆን ለውጥ የለውም። ስትደውል «አዲስ ነን፣ የእርሻ ቁጥር እንፈልጋለን፣ ኤልኤፍፒ እናመለክታለን» በል፤ ዝም ብለህ «ስለ ድርቅ እርዳታ» ካልክ ወደ ብድር ክፍሉ ሊያስተላልፉህ ይችላሉ። መሬቱ ቀድሞ በባለቤቱ ስም የእርሻ ቁጥር ካለው እናንተ በዚያው ላይ እንደ ተከራይ ትገባላችሁ፣ ነገሩ ያጥራል።

የቃል ኪራዩን አሁኑኑ ወረቀት ላይ አውጡት። የባለቤቱና የተከራዩ ስም፣ ኤከሩ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ኪራዩ በዓመት ስንት እንደሆነ፣ ግጦሹን የሚጠቀምበት ማን እንደሆነ፣ ከዚያ ፊርማ። እባክህ የኋላ ቀን እንዳትጽፍበት! «ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በቃል ስምምነት አከራይቻለሁ» ብሎ በዛሬ ቀን መፈረም ትክክል ነው። የዛሬን ወረቀት የጃንዋሪ አስመስሎ መፈረም ግን ለመንግሥት ሐሰት ማቅረብ ነው፣ ክፍያውም ከነወለዱ ይመለሳል። ኪራዩ በኤከር ሳይሆን በወር በአንድ ራስ እየታሰበ ከሆነ ግን ሳትደብቅ ተናገር፤ ግጦሹ ሲጠፋ የሚከስረው ማን እንደሆነ ቢሮው ከውሉ ማየት ይፈልጋል።

ቀጥሎ የመሬት ሪፖርት ነው፣ ኤፍኤስኤ-578። 40ው ኤከር በካርታ ላይ ተሰምሮ «ለግጦሽ» ተብሎ መመዝገብ አለበት። ያልተመዘገበ ኤከር ለኤልኤፍፒ የለም ማለት ነው። ቀኑ ካለፈ ዘግይቶ ማስገባት ይቻላል፣ የመለኪያ ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል፤ ሣሩ መሬቱ ላይ እንደነበር የሚያሳይ ነገርም መኖር አለበት። መሬቱ ሳይታረስ ወይም ሳይገለበጥ በፊት ሂዱ።

ከዚያ የብቁነት ወረቀቶች፦ ኤዲ-2047 ስምና አድራሻ፣ ሲሲሲ-902 እርሻውን ማን እንደሚሠራ፣ ኤልኤልሲ ካላችሁ ሲሲሲ-901 የአባላት ዝርዝር፣ ኤዲ-1026 የአፈርና የረግረግ መሬት ጥበቃ፣ ሲሲሲ-941 የገቢ ጣሪያ (የሦስት ዓመት አማካይ ከ900,000 ዶላር በታች)፣ የባንክ ፎርም። አመልካቹ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው መሆን አለበት፤ የሥራ ፈቃድ ብቻ አይበቃም።

የእኛ ሰው የሚሰናከለው ሲሲሲ-941 ላይ ነው። ፎርሙ የታክስ መሥሪያ ቤቱ ገቢህን እንዲያረጋግጥ የምትፈርምበት ስምምነት ነው። ግሪን ካርዱ ላይ የአያት ስም ተጨምሮ፣ ሶሻል ሴኩሪቲው ላይ የአባት ስም ብቻ ቀርቶ፣ ታክሱ ላይ «ወልደ» ለብቻው «ማርያም» ለብቻው ከተጻፈ ፎርሙ አልገጠመም ተብሎ ይመለሳል፣ ክፍያውም ለወራት ይንጠለጠላል። በታክስ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል ቅዳ።

ቁጥር_አይዋሽም

ወረቀቱ ተብራርቷል፣ ሒሳቡን ልጨምር፤ አለዚያ ቼኩ ሲመጣ ድንጋጤ ነው።

ኤልኤፍፒ የሚከፍለው ከሁለት ቁጥር በትንሹ ነው። አንዱ የእንስሳቱ የወር መኖ ወጪ ነው፣ ሌላው መሬቱ ሊያኖር የሚችለው የከብት ልክ። ሁለቱም በ60 በመቶ ይታሰባሉ። በቢሮው አቆጣጠር አራት ፍየል እንደ አንድ ላም ነው፤ ስለዚህ 60 ፍየል 15 ላም ይሆናል። መሬቱን በተመለከተ፣ ካውንቲው ለእያንዳንዱ የሣር ዓይነት አንድ ላም ስንት ኤከር እንደሚያስፈልጋት አስቀድሞ ወስኗል። ለምሳሌ የናንተ የተፈጥሮ ግጦሽ 8 ኤከር ለአንድ ላም ቢሆን 40 ኤከር የሚያኖረው 5 ላም ነው። 15 ላም አላችሁ፣ መሬቱ የሚያኖረው ግን 5። የሚከፈለው በ5 ነው።

የአንድ ላም የወር ክፍያ በየዓመቱ ይቀየራል፤ ለሒሳቡ ብቻ 30 ዶላር እንበል። በእንስሳቱ በኩል 15 በ30፣ 450 ዶላር። በመሬቱ በኩል 5 በ30፣ 150 ዶላር። ትንሹ 150 ነው። በሦስት ወር 450። ከዚህ ላይ የፌዴራል በጀት ቅነሳ (ሴኩዌስተር የሚባለው) 5.7 በመቶ ይነሳል፣ 25.65 ዶላር። እጃችሁ የሚገባው 424.35 ነው።

ስለዚህ ገንዘቡን የሚወስነው የፍየሉ ብዛት ሳይሆን የኤከሩ ቁጥርና የሣሩ ዓይነት ነው። 578ቱ ሲሞላ ከ40ው ውስጥ የተሻሻለ ሣር የተዘራበት ክፍል ካለ (ቤርሙዳን የመሰለ) ለብቻው ተለይቶ ይመዝገብ። የተሻሻለ ሣር በአነስተኛ ኤከር አንድ ላም ስለሚያኖር ያው መሬት የበለጠ ያስከፍላል። ሁሉንም «የተፈጥሮ ግጦሽ» ብሎ በአንድ መስመር መዝጋት የተለመደ ስህተት ነው። ፍየሎቹ ሌላ ቦታ የሚግጡበት መሬት ካለም አብሮ ይግባ።

የእንስሳቱ ቁጥር የሚወሰደው ዛሬ በረት ውስጥ ካሉት አይደለም። ድርቁ ደረጃው ላይ ከደረሰበት ቀን በፊት ባሉት 60 ቀናት የእናንተ የነበሩት ናቸው የሚቆጠሩት። የግዢ ደረሰኝ፣ የእንስሳት ሐኪም ሒሳብ፣ የጆሮ ታግ መዝገብ፣ የሽያጭ ደረሰኝ ያዙ። ሽያጩ በተለይ፤ ለንግድ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። ለመዝናኛ፣ ለልጆች መጫወቻ የሚያዝ ፍየል አይቆጠርም።

ገበሬው_ነኝ

@ቁጥር_አይዋሽም 60 በመቶውን ረሳኸው እኮ። 150ው ላይ 60 በመቶ ስትመታው 90 ነው በወር።

ቁጥር_አይዋሽም

አልረሳሁትም። ቢሮው በሠንጠረዥ የሚያወጣው የወር ክፍያ በ60 በመቶ ከተሰላ በኋላ ያለው ነው። ሁለተኛ በ60 በመቶ ከመታኸው 36 በመቶ ላይ ትወርዳለህ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 80 በመቶ የሚባል ሌላ ቁጥርም አለ፦ በድርቁ ምክንያት ባለፉት ሁለት የምርት ዓመታት ለተሸጡ ከብቶች የወር ክፍያው 80 በመቶ ይከፈላል። ስለዚህ መኖ ጠፍቶ የሸጣችኋቸው ካሉ ከዝርዝሩ አታውጧቸው።

ፍየልና_ጤፍ

እግዜር ይስጥልኝ። (የወረቀት ሰው፣ ወንድም ሳልሆን እህት ነኝ 😄) ግን 424 ዶላር ለዚህ ሁሉ ፎርም? ባለቤቴ «የቤንዚኑን አይከፍልም» እያለ ነው። የድርቆሹና የውሃውስ?

የወረቀት_ሰው

ይቅርታ እህቴ።

ለባለቤትሽ ይህን ንገሪው። ኮንግረስ በዲሴምበር 2024 ለ2023 እና ለ2024 አደጋዎች ገንዘብ ሲመድብ 2 ቢሊዮን ዶላሩን ለከብት አርቢ አድርጎ ነበር። የድርቁ ክፍል በ2025 ሲከፋፈል አዲስ ማመልከቻ አልተጠየቀም፤ ቢሮው በፋይል ያለውን የኤልኤፍፒ ማመልከቻ አይቶ በቀጥታ ላከ። ኤልኤፍፒ ያላመለከተ ድርቁ እኩል ቢመታውም ምንም አላገኘም። 424ቱ ለፋይሉ መክፈቻ ነው። የእርሻ ቁጥሩ፣ የስም ወረቀቱ፣ የመሬቱ ካርታ አንዴ ከገባ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት የሚቀረው 578ቱንና በየዓመቱ የሚሞሉትን ሌሎች ፎርሞች ማደስ ነው። የካውንቲ ኮሚቴ ምርጫም ላይ ድምፅ ይኖራችኋል፤ ማመልከቻችሁን የሚያጸድቁት እነዚያ የተመረጡ ገበሬዎች ናቸው፣ የሣሩን ልክም እነሱ ያውቁታል።

አንድ ፎርም ግን እንዳይረሳ፣ ሲሲሲ-860። እርሻ ከጀመራችሁ 10 ዓመት ካልሞላ «ጀማሪ» ናችሁ፤ ውስን ገቢ ያለውና የቀድሞ ወታደርም በዚሁ ይገባል። ቀጥሎ ላለው ነገር ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ እሱን ውሃ_አመላላሽ ያስረዳሽ።

ውሃ_አመላላሽ

ድርቆሹና ውሃው ኢላፕ በሚባለው ሌላ ፕሮግራም ነው የሚታዩት፣ ፎርሙ ሲሲሲ-851፣ ማብቂያው ያው ማርች 1። ዲ3 ስለገባችሁ በሩ ክፍት ነው።

ድርቆሽ፦ የድርቆሹ ዋጋ አይከፈልም። ይህን ደጋግሜ የምጽፈው ሰው የግዢ ደረሰኝ ብቻ ይዞ እየሄደ ባዶ እጁን ስለሚመለስ ነው። የሚታየው የማጓጓዣው ወጪ ነው፣ እሱም በደኅናው ዓመት ከምታጓጉዙት በላይ የሆነው ብቻ። የመጀመሪያው 25 ማይል አይቆጠርም፣ ከ1,000 ማይል በላይ ያለውም አይቆጠርም። ከዚያ 60 በመቶ፤ 860ውን ያስገባ ጀማሪ 90 በመቶ። ስለዚህ ድርቆሹ ከ20 ማይል ከመጣ ዜሮ ነው፣ አትድከሚ። ከ140 ማይል ከመጣ 115 ማይሉ ይታሰባል። ለእያንዳንዱ ጭነት ቀን፣ የሻጩ ከተማ፣ ማይል፣ ስንት ጥቅልና በግምት ስንት ቶን እንደነበር የተጻፈ ያስፈልጋል። ሻጩ ደረሰኝ ላይ «ድርቆሽ፣ 12 ጥቅል» ብሎ ብቻ ከሰጠሽ የጥቅሉን ክብደት አስጽፊው።

ውሃ፦ የውሃው ዋጋ አሁንም አይከፈልም፣ ማመላለሱ ነው። ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። አንደኛ፣ ከድርቁ በፊት መሬቱ ላይ በቂ ውሃ ነበር ወይ? ኩሬ፣ ጉድጓድ ወይም ቧንቧ። የእናንተ ኩሬ ነበረ፣ ስለዚህ ደረቁን ኩሬ ዛሬ ፎቶ አንሺው፤ ስልኩ ቀንና ቦታ እንዲይዝ አድርጊ። የድሮ ፎቶ ውሃ ሞልቶ ካለሽ ጎን ለጎን አቅርቢው። ሁለተኛ፣ በደኅና ዓመትም ውሃ ታመላልሱ ነበር ወይ? ከነበረ የሚታየው ከዚያ የበለጠው ብቻ ነው።

መዝገብ ያዢ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካሌንደር እንኳ ይበቃል፦ ቀን፣ ስንት ጋሎን፣ ከየት፣ ለስንት ፍየል፣ በራስ መኪና ነው ወይስ በቅጥር። በወሩ መጨረሻ «በግምት በቀን 100 ጋሎን» ብሎ 30 መስመር በአንድ ብዕር መሙላት ከሩቅ ያስታውቃል። ታንኩ 275 ጋሎን ከሆነ በየጭነቱ 275 ነው የሚጻፈው፤ ግማሽ ከሞላ ግማሹ።

ደግሞ ፍየል ሞቶባችሁ ከሆነ በድርቅ ብቻ የሞተ ለከብት ሞት ካሳው (ኤልአይፒ) ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ እሱ የሚያየው ጎርፍ፣ በረዶ፣ ከልክ ያለፈ ሙቀትና የመሳሰለውን ነው። የሙቀት ማዕበል ቀን ላይ የሞቱ ካሉ ቀኑን፣ ፎቶውን፣ የሐኪም ወረቀቱን ለዪው።

ባለ_ጎመን

የጤፉና የጎመኑ ዘንድሮ አለቀ፣ እውነቱን ልንገርሽ። በካውንቲው የሰብል ኢንሹራንስ ለሌለው ሰብል የሚሆነው ናፕ ነው፤ ናፕ ደግሞ ቀድሞ የሚገዛ ሽፋን ነው። ሰብሉ ከደረቀ በኋላ የሚሸጥልሽ የለም። ለየሰብሉ የማመልከቻ መዝጊያ ቀን አለው፣ ከመዝራት በፊት ጠይቂ። ካመለከትሽ በኋላም ሽፋኑ እስኪጀምር 30 ቀን ይፈጃል።

ዋጋው ለአንድ ሰብል 325 ዶላር፣ በአንድ ካውንቲ ከ825 አይበልጥም። ለግማሽ ኤከር 325 መክፈል ኪሳራ ነው፤ ግን ጀማሪ ከሆናችሁና 860ው ካለ የመሠረታዊው ሽፋን ክፍያ ይነሳል። መሠረታዊው ምን ይሰጣል? ከሚጠበቀው ምርት ግማሹን፣ በዋጋው 55 በመቶ። 1,000 ፓውንድ ጤፍ የሚጠበቅበት ማሳ 200 ከሰጠ ዋስትናው 500 ነው፤ የጎደለው 300 ፓውንድ በ55 በመቶ ዋጋ ይከፈላል። 500 እና ከዚያ በላይ ካገኘሽ ምንም የለም።

ሁለት ወጥመድ። 578ቱ ላይ ጤፉ «ለእህል» ተብሎ ይጻፍ። እዚህ አገር ጤፍ በአብዛኛው ለፈረስ ድርቆሽ ነው የሚዘራው፤ ፎርሙን የሚሞላልሽ ሰው ሳይጠይቅ ድርቆሽ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ያኔ ምርቱም ዋጋውም በሌላ ይታሰባል። ሁለተኛው፣ ጉዳቱን ማሳወቅ በ15 ቀን ውስጥ ነው፤ ጎመን በእጅ ስለሚለቀም ግን 72 ሰዓት። አርብ ያየሽውን ሰኞ እነግራለሁ ማለት አይሆንም፣ በኢሜይል ላኪው። ባለሙያ ሳያየውም ማሳውን አትገልብጪ።

ቁጥር_አይዋሽም

የታክሱን ነገር ማንም አላነሳም። ክፍያው ገቢ ነው፣ 1099-ጂ (ለታክስ የሚሆን የክፍያ ማሳወቂያ ወረቀት) ይመጣል። በሌላ በኩል ያ «ለብድር ብቻ ነው» የተባለው ስያሜ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በድርቁ ምክንያት ከወትሮው በላይ ፍየል ከሸጣችሁ፣ የትርፉን ሽያጭ ገቢ ወደሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ ይቻላል፤ አካባቢው ለፌዴራል እርዳታ መሰየም አለበት፣ ዋና ሥራችሁም እርሻ መሆን አለበት። ለእርባታ ወይም ለወተት የተያዙት ከሆኑ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ተክቶ ታክሱን ማቆየት አለ፤ ስያሜ ባለበት አካባቢ አራት ዓመት ይሆናል። የከተማ ታክስ ሠሪ ይህን ብዙ ጊዜ አያውቀውም፣ ስማችሁ ከወጣበት የካውንቲ ስያሜ ወረቀት ጋር ይዛችሁ ሂዱ።

ገበሬው_ነኝ

«ስማችሁ» ሳይሆን «ካውንቲው» የወጣበት ማለትህ ነው። ስያሜው ላይ የገበሬ ስም የለም።

ቁጥር_አይዋሽም

ልክ ነህ፣ የካውንቲው ስም።

ፍየልና_ጤፍ

የመሬቱ ባለቤት ዛሬ ፈርሞልናል፣ በዛሬ ቀን። ቀጠሮ ማክሰኞ ነው። ቢሮው «አይሆንም» ካለስ?

የወረቀት_ሰው

በቃል «አይሆንም» ከተባልሽ አትመለሺ፤ ማመልከቻውን አስገቢና ውሳኔውን በደብዳቤ ጠይቂ። ደብዳቤው ከደረሰሽ 30 ቀን አለሽ፦ ኮሚቴው እንደገና እንዲያየው፣ ሽምግልና፣ ወደ ስቴት ኮሚቴ፣ ወይም ከኤፍኤስኤ ውጭ ወደሆነው ብሔራዊ የይግባኝ ክፍል። በቃል ለተባለ ነገር ይግባኝ ማለት ይከብዳል።

ማክሰኞ ስትወጪ የአገልግሎት ደረሰኝ ጠይቂ። ምን ጠይቀሽ እንደመጣሽ፣ ምን እንደተባልሽና ቀኑን የያዘ አንድ ገጽ ነው፤ ሊሰጡሽ ግዴታ አለባቸው፣ ካልሰጡሽ ግን ጠይቂ። በማርች ላይ «ከቀኑ በፊት አልመጣችሁም» የሚል ነገር ቢነሳ የምታወጪው ያንን ነው።